ከጋፋት እስከ ኮሎምበስ፦ ሠራተኛን የመያዝ ዘዴ

እዚህ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ፣ በሪከንባከር አየር ማረፊያ ዙሪያ ባሉት መጋዘኖች ሠራተኛ ሲጠፋ ቀጣሪው ደግ ይሆናል፡፡ ፒዛ ይጋብዛል፣ የኮሌጅ ክፍያ እሸፍናለሁ ይላል፣ ከሁሉም በላይ የጤና ኢንሹራንስ ይሰጣል፡፡ ወገኖቼ «ፈረንጅ ሠራተኛ መያዝ ያውቅበታል» ሲሉ በሰማሁ ቁጥር አንድ ኢትዮጵያዊ ቀጣሪ ትዝ ይሉኛል፤ አጼ ቴዎድሮስ፡፡

ውድ አንባቢያን፣ አትሳቁ፡፡ ንጉሡ በደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ ካሰባሰቧቸው አውሮፓውያን ብዙዎቹ ወንጌል ሊሰብኩ ከስዊዘርላንድ፣ ከቅድስት ክሪሾና የተላኩ የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ፡፡ እሳቸው የፈለጉት ግን ስብከታቸውን ሳይሆን እጃቸውን ነው፡፡ በቅሎ፣ የክብር ልብስና ብር ሰጧቸው፡፡ ዋልድማየር የተባለው የሊቀ መኳስ ዮሐንስን፣ ማለትም የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ አግብቶ ቤተኛ ሆነ፡፡ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የእነሱ ሥራ ነው፡፡ (እስከ መቅደላ የጎተተው ያገሬ ሰው ስም ግን አልተጻፈም፡፡)

ከስጦታው የጎደለው አንድ ነገር ነበር፤ የመሄድ ፈቃድ፡፡ ቆንስል ካሜሮን በ1864 (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ታሰረ፡፡ በ1866 ንጉሡ ሚስዮናዊውን ፍላድን፣ ሚስቱንና ልጆቹን መያዣ አድርገው፣ ተጨማሪ ባለሙያ እንዲያመጣ ወደ ለንደን ላኩት፡፡ የእንግሊዝ መንግሥት ባለሙያዎችን ከነመሣሪያቸው እስከ ምጽዋ ላከ፤ እስረኞቹ ካልተፈቱ ግን ወደ ውስጥ አይገቡም አለ፡፡ እስረኞቹ አልተፈቱም፤ ባለሙያዎቹም ከምጽዋ ተመለሱ፡፡ የጋፋት ሰዎች የተለቀቁት በሚያዝያ 1868 የናፒየር ጦር መቅደላ ሲደርስ ነው፡፡

አሜሪካ ሰንሰለት አላስፈለጋትም፡፡ በ1942 ወጣቱ ሲዘምት ሠራተኛ ጠፋ፤ መንግሥት ግን ኑሮ እንዳይንር ብሎ የደመወዝ ጭማሪን ገደበ፡፡ ኢንሹራንስና ጡረታ ከገደቡ ውጭ ስለቀሩ ቀጣሪዎች በዚያ በኩል ሠራተኛ ይሻሙ ጀመር፡፡ በ1954 የወጣው የግብር ሕግ ደግሞ ቀጣሪው የሚከፍለው የጤና ኢንሹራንስ በሠራተኛው ላይ ግብር እንደማያስከፍል አጸና፡፡ የጦርነት ጊዜ መላ ሥርዓት ሆኖ ቀረ፡፡

አብራኝ የምትሠራ አንዲት እህታችን አስም ያለበት ልጅ አላት፡፡ በሰዓት 2 ዶላር የሚበልጥ ሥራ አግኝታ አልሄደችም፡፡ አዲሱ ቀጣሪ ኢንሹራንስ ከመጀመሩ በፊት እስከ 90 ቀን እንዲያስጠብቅ ሕጉ ይፈቅድለታል፤ በመሃሉ የድሮውን ኢንሹራንስ ሙሉ ዋጋ ከኪሷ እየከፈለች ብትቆይ ደግሞ ወጪው ከጭማሪው ይበልጥባታል፡፡ በምሳ ሰዓት በወረቀት አስልታ አሳየችኝ፡፡