በሩ ሲዘጋ ማን ከፈለ?



ባለፈው የወር ስብሰባችን አንዲት እናት ከቁጠባችን ብድር ጠየቁ። ለበሬ ወይም ለዘር መግዣ አልነበረም፤ ልጃቸውን ወደ ሳውዲ ዓረቢያ ለመላክ ነው። ግማሾቻችን «ልጅቱን ወደ መከራ መግፋት ነው» አልን። ግማሾቻችን ደግሞ «እኛ ብንነፍጋቸው ከአራጣ አበዳሪ ይወስዳሉ» አልን። ቡናው በረካው ላይ ደርሶም አልተስማማንም፤ ለሚቀጥለው ወር አሳድረነው ተነሣን።

ይህ ክርክር የመካነ ኢየሱስ ሴቶች ብቻ አይደለም። መንግሥታትም ሲከራከሩበትና ሕግ ሲያወጡበት ኖረዋል። ሰው አገር ሲለቅ በሩን ማን ይጠብቃል? በሩ ሲዘጋስ ዋጋውን ማን ይከፍላል? ለውሳኔያችን ይረዳን እንደሆነ ታሪኩን ከመጀመሪያው ላስታውሳችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

በደርግ ዘመን አንድ ሰው ከአገር ለመውጣት ፓስፖርት ብቻ አይበቃውም፤ የመውጫ ቪዛ ያስፈልገው ነበር። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት፣ ወደ አገሩም የመመለስ መብት እንዳለው ደነገገ። በአንቀጽ 51 ደግሞ የፓስፖርትን፣ የመግቢያንና የመውጫን ጉዳይ ለፌዴራል መንግሥት ሰጠ። ከዚያ ወዲህ በሩ በወረቀት ላይ ክፍት ነው።

በሩ ሲከፈት ደላላውም አብሮ ገባ። መንግሥት በ1990 የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲዎችን በአዋጅ ቁጥር 104 ሊቆጣጠር ሞከረ፤ በ2001 በአዋጅ ቁጥር 632 ተካው። የወንጀል ሕጉም ዜጎችን ያለ ፈቃድ ለሥራ ወደ ውጭ የሚልከውን ሰው በአንቀጽ 598 ወንጀለኛ አድርጎታል። ነገር ግን አዋጁ አዲስ አበባ፣ ደላላው ደግሞ ገበያችን ውስጥ ነበር። አዲስ አበባ የማይታወቀው ሰው እኛ ቤት በስሙ የሚጠራ፣ ሰርግና ልቅሶ የሚደርስ ነበር።

በማዶ ደግሞ ሌላ ሕግ ነበር። በሳውዲና በብዙ የዓረብ አገሮች የውጭ ሠራተኛ የምትኖረው በአንድ አሠሪ ስም ነበር፤ እሱም «ከፊል» ይባላል። መኖሪያ ፈቃዷ፣ ሴቶቻችን «ኢቃማ» የሚሉት፣ ከእሱ ጋር የታሰረ ነበር። ደመወዝ ቢከለክላት ወይም ቢመታትና ከቤቱ ብትወጣ፣ ሕገ ወጥ ትሆን ነበር። ሳውዲ በ2005 የሥራ ሕጓን አሻሽላ ከከፊሉ ውጭ መሥራትን አጥብቃ ከለከለች። ያልተመዘገቡ እንዲመዘገቡ ወይም እንዲወጡ የምሕረት ጊዜ ሰጠች፤ ጊዜው ሲያልቅ ጥቅምት 25 ቀን 2006 አፈሳው ተጀመረ።

ያን ጊዜ የማታስታውስ የለችም። በሪያድ መንፉሃ በሚባለው ሰፈር ግጭት ተነሥቶ ኢትዮጵያውያን ሞቱ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ፤ ብዙዎቹ ከለበሱት ልብስ በቀር ምንም አልያዙም ነበር። በዋሽንግተንና በለንደን ያሉ ወገኖቻችን በሳውዲ ኤምባሲዎች ደጅ ተሰለፉ። ኅዳር 6 ቀን በአዲስ አበባ ሰማያዊ ፓርቲ በጠራው ሰልፍ ላይ ግን ፖሊስ ሰልፈኞቹን በተነ፤ ብዙዎችንም አሰረ። ለተመላሾቹ ማልቀስ እንኳ የፖለቲካ ጉዳይ ሆነ።

አፈሳው ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በዚያው ጥቅምት ወር፣ የኢትዮጵያ መንግሥትም ዜጎች ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ እንዳይሄዱ አገደ። ሐሳቡ እኅቶቻችንን ለመጠበቅ ነበር፤ ያንን አልክድም። እገዳው ምን እንዳደረገ ግን ከቤቴ ልንገራችሁ።

ታናሽ እኅቴ የወጣችው እገዳው በጸናበት በ2006 ግንቦት ነው። እናታችን አንድ በሬ ሸጠች፤ የጎደለውን ተበደረች። ደላላው «አሁን መንገዱ በመተማ ሆኗል፤ ዋጋውም ጨምሯል» አላት። በሌሊት ሱዳን ገባች፤ ካርቱም ሁለት ዓመት በሰው ቤት ሠራች። ሳውዲን ሳታይ ተመለሰች። እናታችን ዕዳውን ከፍላ ለመጨረስ አራት ዓመት ፈጀባት። እኅቴን «መከልከሉን አልሰማሽም ነበር?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። «የሰማሁት ከተመለስኩ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ የነገሩኝ ዋጋው መጨመሩን ብቻ ነው» አለችኝ።

እኔ ከታሪኩ የተማርኩት ይህንን ነው። ሕጉ በሩን ሲዘጋ መንገደኛው አልቀረም። የቀረው ውሉ፣ ቲኬቱና በኤምባሲ የተመዘገበ ስም ነው። ደላላው አልከሰረም፤ ዋጋውን ጨመረ። የከፈለችው እናቴ ናት።

መንግሥትም ይህን ሳያየው አልቀረም። በ2007 ሰው የሚነግዱትንና የሚያሻግሩትን የሚቀጣ አዋጅ ቁጥር 909 ወጣ፤ በ2012 በአዋጅ ቁጥር 1178 ተተካ። በ2008 የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ግን ለእኛ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ጥያቄውን «ትሂድ ወይስ አትሂድ» ከሚለው ወደ «ወጪው የማን ነው» ወደሚለው አዞረውና። በአዋጁ መሠረት ሠራተኛ የምትላከው ከአገራችን ጋር የሁለትዮሽ ስምምነት ወዳለው አገር ነው። ዕድሜዋ 18 መሙላት አለበት፤ ለሥራው ሠልጥና የብቃት ማረጋገጫ ትይዛለች። ኤጀንሲው ለሠራተኞቹ መብት ዋስትና የሚሆን ገንዘብ ያስይዛል፤ መጀመሪያ የተወሰነው 100 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ነበር። የመግቢያ ቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን፣ የመድን ዋስትናውን የሚከፍለው አሠሪው ነው። ሠራተኛዋ የምትችለው እንደ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራና ክትባት ያለውን ነው። እገዳው በ2010 ተነሣ፤ አዋጁም በ2013 በቁጥር 1246 ተሻሻለ።

ይህ ማለት ግን መከራው ቆመ ማለት አይደለም። ሳውዲ በ2009 ሌላ የማስወጣት ዘመቻ ጀመረች፤ በተከታዮቹ ዓመታት ከ300 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። በየመን በኩል በእግር የሞከሩትማ፣ ሂውማን ራይትስ ዎች በ2015 እንዳወጣው፣ በሳውዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች ተገድለዋል። ሕጋዊው መንገድ ሲዘገይ ወይም ሳይታወቅ ሲቀር፣ ሰው የሚሄደው በዚያኛው ነው።

ሌላውም ዓለም ከዚህ ክርክር አልወጣም። በአሜሪካ የአሪዞና ግዛት በ2002 የራሷን ሕግ አውጥታ ፖሊሶቿ የተጠረጠረን ሰው የመኖሪያ ወረቀት እንዲጠይቁ አዘዘች። የፌዴራሉ መንግሥት «ይህ የእኔ ሥልጣን ነው» ብሎ ከሰሳት፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በሰኔ 2004 ከክርክሩ አራት አንቀጾች ሦስቱን ሻረ፤ ወረቀት መጠየቁን ግን ለጊዜው አሳለፈው። እዚያ ክርክሩ ከዳኛ ፊት ደረሰ። እኛ አገር ሕገ መንግሥትን የመተርጎም ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ከእስቴ ገጠር የተነሣች የ19 ዓመት ልጅ እዚያ ድረስ አቤት አትልም፤ ዝም ብላ በመተማ ትሻገራለች።

እንግዲህ ወደ ብድሩ ልመለስ። እኔ «ይከልከል» አልልም፤ መከልከሉ ምን እንዳመጣ አይቻለሁና። «ዝም ብሎ ይሰጥ»ም አልልም። የምለው፣ ብድሩ ለምን እንደሚውል በዝርዝር እንጠይቅ። ለፓስፖርት፣ ለጤና ምርመራ፣ ለሥልጠና ከሆነ ሕጉ የሚያውቀው ወጪ ነው፤ እናበድር። ለቪዛ፣ ለቲኬት ወይም «ለሰውየው» ከሆነ ግን ያ ገንዘብ በሕግ የልጅቱ ዕዳ አይደለም። ያን የጠየቀ ሰው ራሱ ማን እንደሆነ ነግሮናል።

ከማበደራችን በፊት ከአባሎቻችን ሁለቱ ከእናትየውና ከልጅቱ ጋር ጉዳዩ ወደሚመለከተው የወረዳችን ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። ኤጀንሲው ፈቃድ እንዳለው፣ ውሉ ምን እንደሚል፣ ዛሬ የሚሠራው ደንብ የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ። የውሉና የፓስፖርቱ ቅጂ ከእናትየው ዘንድ፣ ሌላው ከማኅበራችን መዝገብ ዘንድ ይቀመጥ። ሄዳ ድምፅዋ ቢጠፋ የምንይዘው ወረቀት ይኑረን። እናቴ በእጇ የነበራት የደላላው ስልክ ቁጥር ብቻ ነበር፤ እሱም ከሦስት ወር በኋላ አላነሣም።

ደጋፊዎቻችንንም አንድ ነገር እለምናለሁ። ለተመላሾች የምታደርጉት እርዳታ አይረሳንም። ነገር ግን ከመሄዷ በፊት ውሉን የሚያነብላት አንድ ሰው ማግኘት፣ ከተመለሰች በኋላ ከሚደረግላት ብዙ ነገር ይቀድማል።

በሚቀጥለው ስብሰባ ያቺ እናት ይመጣሉ። መልሳችንን አዘጋጅተን እንጠብቃቸው።