ሐውልት ሲቆም ማን ተጠየቀ?

አዲስ አበባ ውስጥ ቀጠሮ በቤት ቁጥር አይያዝም። «ምኒልክ ሐውልቱ ጋ»፣ «ስድስት ኪሎ ሰማዕታቱ ጋ»፣ «ትግላችን ፊት ለፊት» ነው የምንባባለው። የመንገዱን ስም የማያውቅ የታክሲ ረዳት እንኳ ሐውልቱን ያውቀዋል። እንዲህ የዕለት ኑሯችን ውስጥ የገቡ ነገሮች ሆነው ሳለ ግን አንድ ጥያቄ ብዙም ሲነሳ አንሰማም፤ እዚያ ቦታ ላይ እንዲቆሙ የወሰነው ማን ነው? ሲወስንስ ማንን ጠየቀ?

የከተማዋን የሐውልት ታሪክ ከዚህ ጥያቄ አንጻር ስናየው ውሳኔው በየዘመኑ የገባባቸው ሦስት በሮች እናገኛለን። ዙፋን፣ ስጦታ እና መንገድ። ነዋሪው በሦስቱም በር ደጅ ላይ ነው የቆመው።

ዙፋን

አራዳ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት ያለው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት የተመረቀው በጥቅምት 1923 ዓ.ም.፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ ነው። ቀኑ በዘፈቀደ አልተመረጠም። ከተማዋ በዚያ ሳምንት ከአውሮፓና ከሌላው ዓለም በመጡ እንግዶች ተሞልታ ነበር። የሐውልቱ ሠሪ ሃርትል የሚባል ጀርመናዊ ነው። ለገሃር ባቡር ጣቢያው ፊት የቆመው የይሁዳ አንበሳም የዚያው የዘውድ ሰሞን ሥራ ነው፤ ሠሪው ፈረንሳዊው ዦርዥ ጋርዴ። በባቡር የመጣ እንግዳ ከጣቢያው ሲወጣ መጀመሪያ የሚያየው አንበሳውን ነበር።

ማዘጋጃ ቤቱ ያኔም ነበረ። ነገር ግን ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ በሚባልበት ዘመን ማዘጋጃ ቤት ስለ ሐውልት ስብሰባ ጠርቶ «የእናንተስ ሐሳብ?» ሊል አይችልም። ዙፋኑ ወሰነ፣ ከተማው መሬቱን ሰጠ፣ ሕዝቡ ምረቃውን አየ።

የእነዚህን ሐውልቶች ጉልበት ቶሎ የተረዳው ደግሞ ወራሪው ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ አዲስ አበባን ሲይዝ የምኒልክን ሐውልት አስነሳ። አንበሳውን ሮም ወስዶ ለድል ማሳያ አቆመው። ኤርትራዊው ዘርዓይ ደረስ ሰይፍ መዘዘ የሚባለው እዚያ፣ አንበሳው ፊት ነው። የዓድዋውን ንጉሥ ከፈረሱ ጋር ከአደባባይ ማውረድ ጥይት ሳይተኩሱ መዋጋት መሆኑን ጣሊያኖቹ ያውቁ ነበር። ከነጻነት በኋላ ምኒልክ ወደ ቦታው ተመለሰ። አንበሳው ግን ከሮም እስኪመጣ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ፈጅቷል።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ትንሽ ክፍል ልብ በሉልኝ። ደርግ ሥልጣን ሲይዝ ዘውድ የደፋውን አንበሳ ማንሳት ፈልጎ ነበር። የቀድሞ አርበኞች ማኅበር «ይሄ የንጉሥ ብቻ አይደለም፣ የዘርዓይ ደረስም ነው» በሚል መንፈስ ተከራከረ። አንበሳው ቀረ፤ ዛሬም ለገሃር ቆሟል። ከመንግሥት ውጭ ያለ የተደራጀ ድምፅ የሐውልትን ዕጣ የቀየረበት አጋጣሚ በከተማዋ ታሪክ ውስጥ ብዙ አይደለም። ይሄ አንዱ ነው።

ስጦታ

ስድስት ኪሎ ላይ የየካቲት 12፣ 1929 ዓ.ም. ሰማዕታት መታሰቢያ አለ። 28 ሜትር ይረዝማል። ዙሪያውን ያሉት የነሐስ ምስሎች የጭፍጨፋውን ሦስት ቀናት የሚተርኩ ናቸው። ብዙዎቻችን በአጠገቡ አልፈን ትምህርት ቤት ሄደናል። የሠሩት ግን የዩጎዝላቪያ ቀራፂዎች ናቸው፤ አንቱን አውጉስቲንቺች እና ፍራኖ ክርሺኒች። በ1947 ዓ.ም. ከማርሻል ቲቶ መንግሥት የመጣ ስጦታ ነው። ዩጎዝላቪያም በጦርነቱ ፋሺስትን የተዋጋች አገር ስለነበረች ሐዘኑ ለቀራፂዎቹ እንግዳ አልነበረም። ሥራው ላይ ይታያል።

በደርግ ዘመን የስጦታው በር በሰፊው ተከፈተ። የሌኒን ሐውልት በአፍሪካ አዳራሽ አካባቢ ቆመ። የካርል ማርክስ የድንጋይ ራስ ከምሥራቅ ጀርመን መጥቶ ዩኒቨርሲቲው ደጅ ላይ ተተከለ። ቸርችል ጎዳና ላይ ያለው የትግላችን ሐውልት በ1977 መባቻ፣ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ተሠራ። ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት የወደቁ ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን ወታደሮች መታሰቢያ ነው።

ስጦታ ደግ ነገር ነው። ችግሩ ስጦታ ሲሆን ቅርጹንም፣ መልእክቱንም፣ ቀራፂውንም የሚመርጠው ብዙ ጊዜ ሰጪው መሆኑ ነው። የከተማው ድርሻ ቦታ ማዘጋጀትና ሪባን መቁረጥ ይሆናል። ይሄ ሁሉ የሆነው ደግሞ ባለሙያ ጠፍቶ አይደለም። አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን የከፈቱት በ1950 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎሲያን ያስተማሩበት ቤት ነው። አፈወርቅ ተክሌ የአፍሪካ አዳራሽን ግዙፍ የመስታወት ሥዕል ያጠናቀቀው በ1953 ነው። ከትምህርት ቤቱ በእግር በሚደረስበት ርቀት ላይ ያሉ ታላላቅ ሐውልቶች ግን የቤልግሬድ፣ የበርሊን፣ የሞስኮና የፒዮንግያንግ እጅ አለባቸው።

የስጦታ ሌላው ባሕርይ ወዳጅነት ሲያልቅ መታየቱ ነው። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥሎ የወጣው ግንቦት 13፣ 1983 ነው። ሌኒን ከሁለት ቀን በኋላ ወረደ። ኢሕአዴግ አዲስ አበባ የገባው ግንቦት 20 መሆኑን አስታውሱ። አዲሱ ገዢ ከተማ ሳይገባ የአሮጌው ገዢ ወዳጅ ተነቀለ ማለት ነው። ማርክስ ግን ዛሬም አለ። ተማሪው በአጠገቡ ያልፋል፣ ማንም ቀና ብሎ አያየውም። አንዱ ለምን ወረደ፣ ሌላው ለምን ቀረ ብላችሁ ብትጠይቁ አሳማኝ የሆነ መርህ አታገኙም።

መንገድ

ሦስተኛው በር ለብዙዎቻችሁ ቅርብ ነው። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22፣ 1928 ዓ.ም. በጣሊያን ጥይት ተረሸኑ። ያንን ሰዓት ብዙ ሰው የሚያውቀው በጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔት ነው። በስማቸው በሚጠራው አደባባይ የቆመው ሐውልት በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ከቦታው ተነስቶ ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ተወሰደ። ምክንያቱ ቀላል ባቡሩ ነው። መስመሩ በአደባባዩ ሥር በዋሻ ማለፍ ነበረበት።

እዚህ ጋ ሕግ አለ። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 የማይንቀሳቀስ ቅርስ ያለ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ከቦታው እንዳይነሳ ይከለክላል። ባቡሩን የሚያሠራው የፌዴራል ድርጅት ነው፣ ቅርሱን የሚጠብቀው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው፣ አደባባዩ ደግሞ የከተማው ነው። የከተማዋ ቻርተር፣ አዋጅ ቁጥር 361/1995፣ ለአዲስ አበባ ምክር ቤትና ከንቲባ ሰጥቷታል። ሦስት ባለቤት ያለው አደባባይ ነበር እንግዲህ። ለነዋሪው የደረሰው ግን ክርክሩ ሳይሆን መግለጫው ነው፤ «ለጊዜው ነው፣ ይመለሳል።» የምኒልክም ሐውልት ሊነሳ ነው የሚል ወሬ ከተማውን ሲያስጨንቅ መልሱ ያው መግለጫ ነበር፤ «አይነካም።»

ቃሉ ተጠብቋል፤ ይሄን መካድ አይገባም። ምኒልክ አልተነካም። ባቡሩ በመስከረም 2008 ሥራ ጀመረ፣ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልትም በጥር 2008 ወደ አደባባዩ ተመለሰ። ግን እነዚያን ሦስት ዓመት ገደማ የሞላው ጥርጣሬ ከየት መጣ? ሰው ባቡር ጠልቶ አይደለም። ከዚያ በፊት ተጠይቆ ስለማያውቅ ነው። ያልተጠየቀ ሰው መግለጫ ሲሰማ የሚያስበው ያልተነገረውን ነው።

ሌላ ቦታስ?

ኒውዮርክ ከተማ የሕዝብ ሥነ ጥበብን የሚመለከት ኮሚሽን ካቋቋመች ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗታል። እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ ከተማው ለሚያስገነባቸው ሕንጻዎች ከወጣው ገንዘብ አንድ በመቶው ለሥነ ጥበብ ይዋል የሚል ሕግ አወጣች። ፊላዴልፊያ በ1959 ቀድማታለች። ሥራው ሲታሰብ ባለሙያዎች ያሉበት ቡድን አርቲስቶችን ያወዳድራል፣ የሰፈሩ ሰው ሐሳቡን ይሰጣል፣ ኮሚሽኑ ያጸድቃል።

ሰላማዊ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሴንትራል ፓርክ ጥግ የማሪዮን ሲምስ ሐውልት ነበር። «የማኅፀን ሕክምና አባት» የተባለ ሐኪም ነው። የቀዶ ሕክምና ዘዴውን የተለማመደው ግን በባርነት በተያዙ ጥቁር ሴቶች ላይ፣ ያለ ማደንዘዣ ነው። የሰፈሩ ሰዎች ለዓመታት ጮኹ። በሚያዝያ 2018 (እ.ኤ.አ.) ኮሚሽኑ ድምፅ ሰጠና ሐውልቱ በማግስቱ ተነሳ። በዚያም አላበቃም። በቦታው ምን ይቁም ለሚለው ዳኞቹ ሲሞን ሊ የተባለችውን ዝነኛ ቀራፂ መረጡ። ነዋሪው ስብሰባው ላይ «እኛ የመረጥነው የቪኒ ባግዌልን ነው» ብሎ ተነሳ። ሊ ራሷን አገለለች፣ ሥራው ለባግዌል ተሰጠ።

ከበሮ በሰው እጅ ሲያዩት ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር እንደሚባለው ይሄ አሠራር አድካሚ ነው፤ ጊዜ ይበላል፣ ያጣላል። ጥቅሙ ጠቡ የሚነሳበት ሰዓት ላይ ነው። የተጣሉት ሐውልቱ ከመቆሙ በፊት ነው፤ ሐሳብ መቀየር በሚቻልበት ጊዜ።

እኛ ጋ ነገሩ ይገለበጣል። በየካቲት 2016 ፒያሳ ላይ የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ከቀደሙት ይለያል። ያስገነባው የከተማ አስተዳደሩ ራሱ ነው። የዙፋን ትእዛዝ አይደለም፣ የውጭ አገር ስጦታም አይደለም። ማን ተካተተ፣ ማን የት ቆመ የሚለው ክርክር የጦፈው ግን በሮቹ ከተከፈቱ በኋላ ነው። ነሐስና ድንጋይ ከቆመ በኋላ ክርክር የሚያተርፈው ቅያሜ ነው።

የቅርስ ሕጉ የቆመውን ለመጠበቅ የወጣ ነው። ገና ያልቆመው ምን ይምሰል፣ በማን እጅ ይሠራ ለሚለው መልስ አይሰጥም። በኮሪደር ልማቱ ደግሞ አዳዲስ አደባባዮችና ፓርኮች እየተከፈቱ ነው፤ ባዶ ቦታ ባለበት ሁሉ አንድ ቀን አንድ ነገር ይቆማል። ስለዚህ በሰፈራችሁ ቆርቆሮ አጥር ሲታጠርና «የመታሰቢያ ግንባታ» የሚል ሰሌዳ ሲሰቀል ወረዳ ሄዶ ለመጠየቅ የሚከለክል ነገር የለም። ቀራፂው በውድድር ነው የተመረጠው? ሞዴሉ ለሕዝብ የሚታየው የት ነው? በጀቱ ስንት ነው? ከአሥር ዓመት በኋላ ሲሰነጠቅ የሚጠግነው ማን ነው? መንገድ ቢመጣበትስ ወዴት ይሄዳል?

የአርበኞቹ ማኅበር ስለ አንበሳው ሲከራከር በእጁ የነበረው ከዚህ የበለጠ ነገር አልነበረም። ጥያቄና ሐውልቱ ለምን እንደቆመ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነበረው።