የስንብት ብር

ነፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ከሽቦ አልባው ስልክ ነው፤ እንጀራው ግን ከፋብሪካ ነው። ፋብሪካ ባለበት ደግሞ፣ መቼም፣ ሠራተኛ መቀነስ አለ። የተቀነሰው ታዲያ ወዴት ይሂድ? እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1911 ለሥራ አጥ የመድን ሕግ አወጡ። እኛ ዘንድ የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ በ1950ዎቹ ሲደነገግ፣ የግል ድርጅት ሠራተኛ እስከ 2003 ዓ.ም. ጠብቋል። ያም ቢሆን ለእርጅና፣ ለጉዳትና ለሞት እንጂ ለሥራ ማጣት አይደለም።

ለሥራ አጡ የቀረው «የሥራ ስንብት ክፍያ» ነው። ቃሉ እውነቱን ይናገራል፤ ስንብት አንዴ ነው። በአዋጅ 1156/2011 ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለየተጨማሪው ዓመት የዚያ ሲሶ ይከፈላል። 10 ዓመት ያገለገለ 120 ቀን ያገኛል፤ በቅነሳ ከወጣ 60 ይጨመርለታል። በቃ፣ ግማሽ ዓመት!

ከፋዩም መንግሥት ሳይሆን ያሰናበተው ድርጅት ነው። ድርጅቱ ቢከስር ሕጉ ለሠራተኛው ቅድሚያ ይሰጣል፤ ባዶ ካዝና ግን ቅድሚያ አያውቅም። ያኔ መድኑ ዘመድ ነው፤ ዘመድም ደመወዝተኛ ነው።

እስከዚያው፣ ወንድሜ፣ የስንብት ደብዳቤህ የደረሰህን ቀን ጻፍ። «ነገ እንሰጥሃለን» ሲሉህ ወሩን ቁጠር። በ6 ወር ውስጥ ክስ ካላቀረብክ፣ ያችውም በይርጋ ትቀራለች።