ድንጋይ በፍሬ

ኮብልስቶን አዲስ አበባ የገባው ከድሬዳዋ ነው። እዚያ በ1997 ዓ.ም ገደማ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድጋፍ ተጀመረና በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአዳማ እስከ መቀሌ የየከተማው ውስጥ ለውስጥ መንገድ ሆነ። ጊዜው በአጋጣሚ የተገጣጠመ አይመስለኝም። ከምርጫ 97 ውዝግብ ማግስት መንግሥት የከተማውን ሥራ አጥ ወጣት በሌላ ዓይን ማየት ጀምሮ ነበር። የወጣቶች ልማት ፓኬጅ የወጣው በ1998 ነው፤ የኮንዶሚኒየሙ ግንባታም፣ የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት መርሐ ግብርም ጉልበት ያገኙት ያን ሰሞን ነው።

ለማዘጋጃ ቤቶች ሒሳቡ ግልጽ ነበር። ሬንጅ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ ጥቁር ድንጋይ ግን በየከተማው ዳርቻ ሞልቷል። ወጣቱም እንደዚያው።

እኔ ከአሥረኛ ክፍል በኋላ ከሰፈር ልጆች ጋር ተደራጅቼ ጠረባ ገባሁ። መዶሻና መሮ፣ ከሥር የሚቀመጡባት የጄሪካን ቁራጭ፣ በላይ የተወጠረ ማዳበሪያ፤ ሌላ ነገር የለም። ከካባ የመጣውን ድንጋይ አገላብጦ የሚሰነጠቅበትን መስመር መፈለግ ነው ሙያው። መስመሩን ያገኘ ሰው በሁለት ምት ይከፍለዋል፤ ያላገኘ ሲቀጠቅጥ ይውላል፣ ፍንጣሪው ዓይኑ ውስጥ ይገባል። መነጽር ተሰጥቶን ነበር፣ ግን በላብ ስለሚጨልም ብዙዎቻችን ግንባራችን ላይ ሰቅለነው እንውላለን። መጠኑ በየጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር ነው። ማታ የሚረከቡን ሽማግሌ አንዱን አንስተው አገላብጠው ያዩና «ፊቱ ደህና ነው ልጄ፣ ሆዱን ግን በልተሽዋል» ብለው ወደ ጎን ይወረውሩታል። የተወረወረው አይቆጠርም።

የሚቆጠረው በፍሬ ይከፈላል፤ አንጣፊው ደግሞ በካሬ። ዋጋው ከላይ ተቆርጦ የመጣ ስለሆነ ማንም ጠራቢ ከአሠሪ ጋር ቆሞ አይከራከርም። ሰው ስለ ኮብልስቶን ሲያወራ አቧራውንና ዲግሪ ይዘው ድንጋይ የጠረቡትን ልጆች ነው የሚያነሳው። በ2004 አካባቢ ቀልዱም ቁጣውም እሱ ነበር፣ ቁጣው ደግሞ እውነት ነበረው፤ አራት ዓመት ሒሳብ የተማረ ልጅ አጠገቤ ተቀምጦ ሲጠርብ አይቻለሁ። እኔን የሚገርመኝ ግን ያ የፍሬ ተመን ነው። በግል ድርጅት ለሚሠራ ሰው ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል በሌለበት አገር፣ መንግሥት ሳያስበው አንድ ወለል አበጅቶ ነበር። የሰፈሬ የቀን ሠራተኛ ከግንበኛ ጋር ሲደራደር «በዚህስ ኮብል ብጠርብ ይሻለኛል» ብሎ መነሳት ችሎ ነበር። ግንበኛውም ተመልሶ ይጠራዋል።

የወለሉ ጥያቄ አዲስ አይደለም። በ1966 የካቲት መጨረሻ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ሲጠራ ከጥያቄዎቹ አንዱ ይኸው ነበር። ከዚያ በኋላ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ በደርግም፣ በ1985ም፣ በ1996ም እንደ አዲስ ወጣ፤ ለግሉ ሠራተኛ ቁጥር የተቆረጠበት ግን የለም።

የእኛም ነገር እክል ነበረው። ገዢያችን አንድ ብቻ ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ጥቁር ድንጋይ ከማዘጋጃ ቤት ሌላ ማን ይገዛል? በጀት ሲዘገይ ክፍያ ይዘገያል፤ የሰፈሩ ነዋሪ መዋጮውን ካላሟላ መንገዱ አይጀመርም። በወረቀት ላይ ማኅበሮች ከጥቃቅን ወደ አነስተኛ፣ ከዚያም ወደ መካከለኛ «ይሸጋገራሉ» ይባል ነበር። የእኛ ማኅበር የተሸጋገረው ወደ መበተን ነው። መንገዱ ተነጥፎ አለቀ፣ በቃ። ሁለቱ ልጆች ግንባታ ገቡ፣ አንዷ ቤሩት ሄደች።

ቀጥሎ የመጣው ተስፋ ፋብሪካ ነበር። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ተመረቀ። በ2011 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ የልብስ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን ጽፈው፣ በዓለም ላይ ካሉ ልብስ ሰፊ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው ነው አሉ። ባለሀብት የተጠራውም በዚሁ ርካሽነት ነበር። ኢኮኖሚስቶቹ ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን ደግሞ ቀደም ብለው በአምስት የኢትዮጵያ ድርጅቶች አንድ ሺህ የሚጠጉ ሥራ ፈላጊዎችን በዕጣ ከፋፍለው ነበር፤ ገሚሱ ፋብሪካ ይቀጠራል፣ ገሚሱ ሥልጠናና 300 ዶላር ያህል መነሻ ያገኛል፣ የቀረው ምንም። ፋብሪካ ከገቡት ከአራቱ ሦስቱ ያህል ዓመት ሳይሞላቸው ለቀቁ። መነሻ ገንዘብ ያገኙት በመጀመሪያው ዓመት ገቢያቸው ከፍ አለ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ልዩነቱ ጠፍቶ ተገኘ።

ይህን ሳነብ አልደነቀኝም። ልጆቹ ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም የለቀቁት፤ የቤት ኪራይና ምግብ ከተቀነሰ በኋላ የሚቀረውን ማስላት ስለሚችሉ ነው። ያን ስሌት እኛ ማታ ማታ ክምሩ አጠገብ ቆመን እንሠራው ነበር፤ ልዩነቱ የፍሬውን ዋጋ ጠዋት ማወቃችን ነው። በ2009 የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ሲታወጅም ብድር እንጂ እንዲያ ያለ የታወቀ ዋጋ አልመጣም።

አዋጅ 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ይላል። ቁጥሩን እየጠበቅን ዓመታት አለፉ፤ የሐዋሳው ፓርክ ትልቁ ልብስ ገዢ ፒቪኤችም አሜሪካ የአጎዋን ከቀረጥ ነፃ ዕድል ልትዘጋ ስትል በ2014 ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ። በእኔ በኩል ቦርዱ ከተቋቋመ መጀመሪያ እንዲጠይቅ የምፈልገው ኢኮኖሚስት አይደለም። በፍሬ የተከፈለ ሰው ይጠይቅ፤ ስንት ፍሬ ስንት እንጀራ እንደሚሆን ወረቀት ሳያወጣ ይነግረዋል።