ከጭድ ተራ እስከ ሕንፃ ኮሌጅ፦ ተማሪዎች በእጃቸው ስለ ሠሩት የእንጨት ቤት

የአዲስ አበባ ተራ ቤት ታሪክ ከባሕር ዛፍ ታሪክ ተለይቶ አይታይም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም.፣ ወደ አገራችን የገባው ይህ ዛፍ እንጨት ላጠራት ከተማ ማገዶም የቤት መሥሪያም ሆናት። ቋሚው፣ ማገሩና ወራጁ ሁሉ ከእርሱ ተቆረጠ።

በጠላት ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ዋናው ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደ ምዕራብ ተዛውሮ መርካቶ ሲቆረቆር፣ በዙሪያው የተስፋፋው መንደር በአብዛኛው የታነጸው በዚሁ በእንጨትና በጭቃ ነበር። በመርካቶ እስከ ዛሬ የሚጠራው ጭድ ተራ ለዚህ አንድ ምስክር ነው፤ ጭድ ለከብት መኖ ብቻ ሳይሆን ለግድግዳም ይፈለጋልና። አፈሩ ከጭድ ጋር ተቦክቶ ጥቂት ቀን ከከረመ በኋላ ሲመረግ፣ ጭዱ ጭቃውን አያይዞ ስንጥቁን ይቀንሳል። የዘዴው ድክመትም የታወቀ ነው፤ ቋሚው በቀጥታ መሬት ውስጥ ስለሚተከል እርጥበትና ምስጥ ከሥሩ ይበሉታል።

ከመርካቶ በስተደቡብ፣ በልደታ የሚገኘው ሕንፃ ኮሌጅ በ1954 እ.ኤ.አ. የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሎ ሲቋቋም ከዋና ተግባሮቹ አንዱ በአገር ውስጥ ዕቃ ስለሚሠራ ርካሽ ቤት መመራመር ነበር። ተቋሙ የኢትዮጵያ አርክቴክቸር፣ ሕንፃ ግንባታና ከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ከሆነ በኋላም ይኸው ጥያቄ በግቢው ውስጥ በተግባር ተፈትኗል። ከዙሪክ የፌዴራል ቴክኖሎጂ ተቋም ጋር በመተባበር በ2010 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የሙከራ ቤት እንጨትን ለመቆጠብ ሲል አፈርን መረጠ፤ ወለልና ጣሪያውም በቅስት ተሸፈነ። በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ የግቢው ተማሪዎች ከቫይማር ባውሃውስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋር ሌላ መንገድ ሞከሩ፤ ይኸውም በእንጨት አጽም ላይ የተጨመቀ የገለባ ሰሌዳ የሚገጠምበት፣ የባለቤቱ አቅም እያደገ ሲሄድ ደረጃ በደረጃ የሚሟላ ትንሽ ቤት ነው።

እዚህ ላይ የሙያ ባልደረቦቻችን ልብ እንዲሉ የምንሻው ነገር አለ። በወረቀት ላይ መስመር ሁሉ ቀጥ ያለ ነው፤ እንጨት ግን ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። አንድ መጋጠሚያ በምን እንደሚያያዝ፣ ውሃ በየት እንደሚወርድ፣ የቋሚው እግር ከመሬት ምን ያህል ከፍ እንደሚል ተማሪው በእጁ ካልሠራው በቀር በሚገባ አይረዳውም። ገለባውና እንጨቱ ከጭድ ተራው ቤት ጋር ዘመዳሞች ናቸው፤ የተለወጠው አገጣጠማቸው ነው።

የልደታ አሮጌ መንደር ፈርሶ በኮንክሪት የጋራ መኖሪያ ተተክቷል። በዚህ ዓይነት ሰፈር ሲፈርስ ቤቱ ብቻ ሳይሆን፣ ጭቃ መምረግና ማገር ማሰር የሚያውቀው አናጢም ሥራውን ያጣል። በግቢ ውስጥ የሚሠራው የሙከራ ቤት እውቀቱን ከዚህ ሰው ካልወሰደና ውጤቱንም መልሶ ለእርሱ ካላደረሰ፣ የጎብኚ መታያ ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ ወደፊት ተማሪዎች ቤት ሲያንጹ የመርካቶው አናጢ በመምህርነት ከጎናቸው ይቁም፤ ይህንንም ማመቻቸት የማኅበራችን ድርሻ ነው።