ወርክስቴሽን ወይስ ሳውንድ ሞጁል? ኪቦርድ በኢትዮጵያ ሙዚቃ ታሪክ
(በደባርቅ ከተማ ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ የሕዝብ ገለጻ ግልባጭ)



ወደዚህ ርእስ የመራኝ መጽሐፍ ሳይሆን አንድ የአምቢኮ ወጣት ነው። አምቢኮ፣ ብዙዎቻችሁ እንደምታውቋት፣ ወደ ራስ ደጀን የሚወጣ መንገደኛ የሚያድርባት መንደር ናት። ወጣቱ ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት እየወረደ በሰርግ ቤት ኪቦርድ ይጫወታል፤ አባቱ ማሲንቆ መቺ ናቸው። ሁለት ዓመት ያጠራቀመው ጥቂት ገንዘብ ነበረው። ያገለገለ ወርክስቴሽን ይግዛበት ወይስ ባለው ኪቦርድ ላይ ሳውንድ ሞጁል ይጨምርበት? «የትኛው ነው ድምፁ የሚበልጠው፣ መምህር?» ሲል ጠየቀኝ። ገንዘቡ ለአንዱ እንጂ ለሁለቱ አይበቃም። ያን ዕለት የሰጠሁት መልስ የረባ አልነበረም፤ ዛሬ የማቀርበው ያኔ ልመልስለት ይገባኝ የነበረውን ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሜ ቃላቱን ላብራራ። ወርክስቴሽን የምንለው መጫኛ ቁልፎቹን፣ የድምፅ ምንጩንና ዜማ መዝግቦ መልሶ የሚያጫውተውን ሲኩዌንሰር በአንድ አካል የያዘ መሣሪያ ነው። ሳውንድ ሞጁል ግን ቁልፍ የሌለው የድምፅ ሣጥን ነው፤ ከሌላ ኪቦርድ በገመድ ትእዛዝ ይቀበላል። ይህን ያስቻለው በ1983 ይፋ የሆነው ሚዲ የተባለው የጋራ ስምምነት ነው። በሚዲ ገመድ ውስጥ ድምፅ አያልፍም። የሚያልፈው የትኛው ቁልፍ፣ መቼና በምን ያህል ኃይል እንደተጫነ የሚገልጽ መልእክት ነው። በዚህም ምክንያት እጅና ድምፅ በቀላሉ በተለያየ ቦታ መቀመጥ ቻሉ።

ታዲያ የትኛው ይበልጣል? ታሪኩ የሚሰጠን የመጀመሪያ መልስ አስገራሚ ነው፤ ብዙ ጊዜ ልዩነት የለም። ያማሃ በ1983 ያወጣው ዲኤክስ 7 ቲኤክስ 7 የሚባል ቁልፍ የለሽ ወንድም ነበረው። የሮላንድ ዲ 50ም ዲ 550 አለው። በ1988 የወጣውና ለወርክስቴሽን ዘመን በር የከፈተው ኮርግ ኤም 1 ደግሞ ኤም 1 አር በሚል ስም በሞጁል መልክ ተሽጧል። ድምፁ ያው ነው፤ የጎደለው ቁልፉ ብቻ ነው። ኤም 1 በአንድ ጊዜ ማሰማት የሚችለው ቢበዛ 16 ድምፅ ስለነበር፣ ባስ፣ ከበሮ፣ ክራርና አጃቢ በአንድነት ሲጫኑበት የቀደመው ድምፅ ሳይጨርስ ይቆረጣል። ሞጁል የመጨመር እውነተኛው ጥቅም እዚህ ላይ ነበር፤ ሸክሙን ለሁለት ሣጥን ማካፈል።

ድምፃቸው እኩል ከሆነ በአገራችን ቁልፍ ያለው፣ ሁሉንም በአንድ የያዘው ለምን ገነነ? መልሱ የሚገኘው በመሣሪያው ውስጥ ሳይሆን በሙዚቀኛው ኑሮ ውስጥ ይመስለኛል።

የዘመናዊ ሙዚቃችን አከርካሪ ለረጅም ጊዜ የትንፋሽ መሣሪያ ነበር። አርባ ልጆች ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር በ1924 አዲስ አበባ ከገቡበት ጊዜ አንሥቶ፣ በክብር ዘበኛና በፖሊስ ኦርኬስትራዎች አልፎ፣ እስከ 1970ዎቹ ባንዶች ድረስ መለከትና ሳክስፎን ዜማውን ተሸክመዋል። ይህ ደግሞ ብዙ ሰው፣ ብዙ ደመወዝና የተረጋጋ ሌሊት ይጠይቃል። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊው ሌሊቱን ወሰደው፤ ሙዚቃውም ወደ ካሴት አዘነበለ። በጥቂት ሰዎች ተሠርቶ በፍጥነት ለሚሸጥ ካሴት፣ የመለከቶቹን ቦታ በአሥር ጣት የሚሞላ ኪቦርድ ተጫዋች ተፈላጊ ሆነ።

ውጭ አገር የነበሩትም ከዚህ እጣ አልራቁም። ከዋልያስ ባንድ ጋር በ1981 ወደ አሜሪካ ተጉዞ እዚያው የቀረው ኃይሉ መርጊያ፣ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ የቀረጸው ካሴት የአንድ ሰው ሥራ ነው፤ አኮርዲዮኑን በኤሌክትሪክ ኪቦርዶችና በድራም ማሽን ላይ ደራርቦታል። በዚያው ከተማ ቴዎድሮስ አክሊሉ፣ ሄኖክ ተመስገንና አበጋዙ ሺዖታ የነበሩበት አድማስ ባንድ በ1984 ያሳተመው ሸክላም በሲንተሳይዘር የተሞላ ነው። ይህን ዘመን የውድቀት ዘመን አድርጎ መጻፍ የተለመደ ነው። እኔ በከፊል ብቻ እስማማለሁ። ሥራ ያጡ መለከተኞች ነበሩ፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ኪቦርዱ ባይኖር ኖሮ ቦታውን ይይዝ የነበረው ኦርኬስትራ ሳይሆን ዝምታ ሊሆን ይችል እንደነበር መዘንጋት የለበትም።

ከሣጥኑ ቅርጽ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ጉዳይ አለ። በ1991 ጄኔራል ሚዲ የተባለው ደንብ 128 ድምፆችን በቁጥር ደለደለ። በዝርዝሩ ውስጥ የሕንዱ ሲታር፣ የጃፓኑ ኮቶና ሻሚሰን፣ የአፍሪካው ካሊምባ፣ ባግፓይፕም ሳይቀር አሉ። ክራር የለም፤ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና በገናም የሉም። ወርክስቴሽን የገዛም ሞጁል የገዛም እኩል አጥቷቸዋል። የእኛ ተጫዋቾች ለማሲንቆ የቫዮሊን ዓይነት ድምፅ፣ ለክራር የጊታር ዓይነት ድምፅ እየመረጡ በጣታቸው አመላቸውን ሲለዋውጡ ኖረዋል።

የከፋው ቅኝቱ ነው። ኪቦርድ ከፋብሪካ ሲወጣ ድምፆቹ በአሥራ ሁለት እኩል ክፍተቶች ተቸንክረዋል። ማሲንቆ መቺ ግን በአንዲት የጭራ ክር ላይ ጣቱን እንደ ጆሮው ያንሸራትታል፤ በተለይ አንቺ ሆዬን ሲቃኝ የሚያርፍባቸው ቦታዎች ከኪቦርዱ ቁልፎች ጋር አይገጥሙም። ዲኤክስ 7 መጀመሪያ ሲወጣ ቅኝት መለወጫ አልነበረውም፤ በኋላ የመጣው ዲኤክስ 7 ሁለት ግን ነበረው። እንግዲህ ገዢ መጠየቅ ያለበት «ድምፁ ስንት ነው?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «እያንዳንዱን ቁልፍ ለብቻው ዝቅና ከፍ ማድረግ ይቻላል ወይ?» ብሎም ነው። የምንገኘው፣ በትውፊት እንደሚነገረው፣ ቅዱስ ያሬድ የመጨረሻ ዘመኑን ባሳለፈበት በስሜን ተራሮች ግርጌ ነው፤ እዚህ ያደገ ጆሮ ይህን ልዩነት ለመስማት አስተማሪ አያስፈልገውም።

ወደ ወጣቱ ልመለስ። በሁለተኛው ጉዞዬ አባትየው መደብ ላይ ተቀምጠው ሳሉ የልጁን ርካሽ ኪቦርድ ማውጫ ከፍተን መረመርን። ቅኝት መለወጫው ከመጀመሪያውም እዚያው ነበር፤ ማንም አልነካውም። አባትየው ማሲንቆውን እየገዘገዙ፣ ልጁ ሁለት ቁልፎችን በትንሽ በትንሹ ዝቅ አደረገ። «ጨምር... አይ፣ መልስ። እንዲያ!» አሉ። ድምፁ ግን በዚያች በተቀደደች ድምፅ ማጉያ በኩል ሲወጣ አሁንም ይንኳኳ ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ ደወለልኝ። ወርክስቴሽንም ሞጁልም አልገዛም፤ በገንዘቡ ድምፅ ማጉያ ገዝቶበታል።