ጀርባ የሚረግጥ ልጅ ሲጠፋ

መታሸት የከተሜ ቅንጦት ነው የሚሉን ሰዎች እንሰት ሲፋቅ አላዩም! አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ዊሊያም ሻክ በ1966 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ ጉራጌን የእንሰት ባህል ሕዝብ ብሎታል። የዚያ ባህል ሸክም ያለው ሴቶቹ ወገብ ላይ ነው። በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ዙሪያ፣ መሬት ተቀምጦ፣ እንሰቱን ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ በእግር ረግጦ ይዞ፣ በቀርከሃ መፋቂያ ቁልቁል መፋቅ... ትከሻ ምን ይቀረዋል?

ማታ ታዲያ ለጋ ቅቤ ይሞቃል፤ ልጅ ተጠርቶ ያሻል፣ ጀርባም ይረግጣል። ወለም ካለ ወጌሻ አለ። የቤት ውስጥ ማሳጅ ዕቃችን ቅቤና የልጅ እግር ነበር ማለት ነው።

ልጆቹ አዲስ አበባ ገቡ፤ ተራው የባትሪ ሆነ። ጄሰን ዌርስላንድ የተባለ አሜሪካዊ ካይሮፕራክተር በ2007 (እ.ኤ.አ.) የሞተር ሳይክል አደጋ ደርሶበት ለራሱ ሕመም ከሠራው መሣሪያ «ቴራገን» ተወለደ። ዛሬ አምሳያው ብዙ ነው። ለመስቀል አገር ቤት ስንገባ ለእናት ብንይዝላት ደስ ይለናል።

ግን እናንተዬ፣ አከርካሪ አጥንት፣ የአንገት ፊት፣ ያበጠ ባት ላይ አይደረግም። ወጌሻው ቢያንስ «እዚህ ጋ ያምማል?» ይላል፤ ማሽኑ አይጠይቅም። እናቶቻችን ደግሞ ቢያማቸውም አይናገሩም። እንግዲያውስ በዝቅተኛው ፍጥነት፣ ለአንድ ሁለት ደቂቃ፣ እኛው ይዘን፣ እየጠየቅናቸው።